የኮምፒውተሩ ሰዓት ሲሳሳት ፎርማት መፍትሔ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው የአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ፦

መስከረም በጠባ ቁጥር ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ አንድ ዓይነት ብልሽት ይበዛል። ክረምቱን ተነቅለው የከረሙ የቤትና የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ሲከፈቱ ቀናቸው ብዙ ዓመት ወደኋላ ተመልሶ ይገኛል። ይስተካከላል፤ በማግስቱ ያው ነው። ከዚያ «ቫይረስ ገብቶበት ነው» ይባልና ማሽኑ ፎርማት ይደረጋል፤ የቤተሰብ ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ፎርማት የሚነካው ሃርድ ዲስኩን ነው፤ ሰዓቱ ያለው ደግሞ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ነው።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የሰዓት ቺፕ በሰከንድ 32,768 ጊዜ በሚርገበገብ ክሪስታል ይቆጥራል። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ገመዱ ሶኬት ላይ ካለ፣ ፓወር ሰፕላዩ ለቺፑ የሚበቃ ጥቂት ኃይል ይለቅለታል። ገመዱ ሲነቀል ወይም መብራት ሲሄድ ግን ቺፑን ብቻዋን የምትይዘው ሲሞስ ባትሪ የምንላት ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ናት። እኛ አገር መብራት ሲመለስ ዕቃ እንዳያቃጥል ማታ ማታ ዲቫይደሩን መንቀል ልማድ ነው፤ ይህን ተዉ አልልም። ግን ባትሪዋ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ናትና ሌላ ቦታ አምስት ዓመት የምትቆየው እዚህ ቀድማ ብታልቅ አይግረማችሁ።

ማሽኑን ከመፍታታችሁ በፊት ስሕተቱ ምን ያህል እንደሆነ እዩ፤ መልሱ እዚያው አለ። ቀኑ በዓመታት ከተመለሰ፣ ወይም ሲከፈት ኤፍ 1 ተጫኑ የሚል ጽሑፍ ከመጣ፣ ባትሪዋ አልቃለች። ዓመቱ ልክ ሆኖ ነቅላችሁ ባደራችሁ ቁጥር ደቂቃዎች የሚጎድሉ ከሆነ እየደከመች ነው። ልዩነቱ ድፍን ሰዓት ከሆነ ግን ባትሪውን አትንኩ። ከውጭ የመጣ ያገለገለ ማሽን ብዙ ጊዜ የቀድሞውን አገር የሰዓት ቀጠና ይዞ ይመጣል። ዊንዶውስ ላይ የእኛ ቀጠና «ናይሮቢ» የሚለው፣ ከግሪንዊች (ከዓለም መነሻ ሰዓት) ሦስት ሰዓት የሚቀድመው ነው። ቪፒኤን (ያላችሁበትን አገር ሌላ የሚያስመስል ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ከሆነ ቀጠናን በራሱ የሚመርጠውን ቁልፍ አጥፉት። ሦስት ሰዓት ብቻ ወደኋላ የሚልባችሁ፣ በአንድ ማሽን ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ የሚባለውን ሌላ ሲስተም የጫናችሁ ተማሪዎች ደግሞ ችግሩ የሁለቱ አለመስማማት ነው፦ ኡቡንቱ በማዘርቦርዱ ላይ የግሪንዊች ሰዓት ይጽፋል፣ ዊንዶውስ ያንኑ የአካባቢው ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ኡቡንቱ የአካባቢውን ሰዓት እንዲጽፍ አንድ ጊዜ ካዘዛችሁት ያበቃል።

ባትሪ መቀየር የሚያስፈራ ሥራ አይደለም። የምትገዙት ሲአር 2032 የተጻፈበትን ነው። 2025 የሚለው ስፋቱ ተመሳሳይ ሆኖ ስስ ስለሆነ ይላላል፤ አትውሰዱት። ከመግዛታችሁ በፊት በቴስተር ይለካላችሁ፤ አዲስ ከሆነ 3 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ያሳያል። በእጃችሁ ያለው ከ2.7 ቮልት በታች ከወረደ ይቀየር። መጀመሪያ ወደ ባዮስ (ማሽኑ ገና ሲበራ ወደሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ግቡና እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ባትሪው ሲወጣ የሃርድ ዲስኩ አሠራር ከኤኤችሲአይ ወደ ሌላ ሊቀየርና ዊንዶውስ አልነሳም ሊል ይችላል፤ ያኔ ፎቶው ያወጣችኋል። ከዚያ አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አውጡ፣ ሽፋኑን ክፈቱና የኮምፒውተሩን ሣጥን ብረት ንኩ። በጎን ያለችውን ትንሽ መያዣ ገፋ ስታደርጓት ባትሪው ብድግ ይላል። አዲሱን ጽሑፍ ያለበትን የመደመር ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ አስገቡ። ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ ሽቦ ያለው ሌላ ዓይነት ስለሆነ ለባለሙያ ስጡት።

ቀኑንና ሰዓቱን ባዮስ ውስጥ አስገቡ። «ኢንተርኔት ያስተካክለዋል» ብላችሁ አትተዉት፤ የዊንዶውስ የሰዓት አገልግሎት እንደ መጣ ከተተወ ከ15 ሰዓት በላይ የሆነ ልዩነትን አያርምም። ቀኑ ልክ ካልሆነ ደግሞ ድረ ገጾች «ደኅንነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም።

በጸሐፊ ቤቶችና በቢሮዎች የማየው ሌላው ጣጣ የስድስት ሰዓቱ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ማሽኑ 7:00 ሲል «ተሳስቷል» ተብሎ በእጅ 1:00 ይደረጋል፤ ኢንተርኔት ሲገናኝ ወደ 7:00 ይመለሳል፤ እንደገና ይቀየራል። ማሽኑ ምንም አልሆነም። በእጅ መቀየሩ ግን የውስጡን ሰዓት በስድስት ሰዓት ያዛባዋል፤ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር የማረጋገጫ ቁጥር በዚያው ኮምፒውተር ላይ ካወጣችሁ አይሠራም፣ የፋይሎችም ሰዓት ይምታታል። የአገራችንን አቆጣጠር ማየት የሚፈልግ ሰው የሚያደርገው ቀላል ነው። ዋናው ሰዓት ናይሮቢ ላይ ይቆይ። በቀንና ሰዓት ቅንብር ውስጥ «አዲሽናል ክሎክስ» የሚለውን ከፍታችሁ ሁለተኛ ሰዓት ጨምሩ፤ ቀጠናውን «ካየን፣ ፎርታሌዛ» አድርጉት፤ ስሙንም «የእኛ» ብላችሁ ጻፉበት። ያ ቀጠና ከናይሮቢ በትክክል ስድስት ሰዓት ስለሚዘገይ 7:00 ሲሆን 1:00 ያሳያል፤ ክረምትና በጋ አይለዋወጥም። በማታ አንድ ሰዓት ከቁጥሩ ጎን የቀን (ፒኤም) ምልክት ታያላችሁ፤ ቁጥሩ ግን ልክ ነው።

የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን ለመስከረም ጠመኔና ወረቀት ስትገዙ ለኮምፒውተር ክፍሉ እነዚህን ባትሪዎች አስቡ። የወጣውን ግን ልጆች በሚደርሱበት ቦታ አትጣሉ። ሕፃን ውጦት ጉሮሮው ላይ ከተቀረቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ሊያቃጥል ይችላልና፣ ተዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳትቆዩ ሆስፒታል ውሰዱት። አሮጌውን በሁለቱም ፊት በፕላስተር ጠቅልላችሁ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከደሴ