ለሰሜን ሸዋ ዞን ስፖርት መምሪያ ኃላፊ፦ ለአንጋፋ ተከላካዮች አንድ ዕድል ይሰጥልን

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ። አሰልጣኝ አይደለሁም፣ የኮሚቴ አባልም አይደለሁም። ኳስ ግን እወዳለሁ፤ ከሁሉም ተከላካይ ማየት ደስ ይለኛል። የማመለክተው ጉዳይ የእኛው ሰፈር ጉዳይ ነው፤ በዕድሜው ምክንያት ከቡድን ስለተቀነሰ አንድ ተከላካይ። ሆኖም ከፔፔ ልጀምር። ነገሩ ስለሚያያዝ ይታገሱኝ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ፔፔ ብራዚል ተወልዶ በ18 ዓመቱ ፖርቹጋል የገባ፣ ለፖርቹጋል ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ ተከላካይ ነው። ሪያል ማድሪድ 10 ዓመት ተጫውቶ ሦስት የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ ወስዷል። በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ሮናልዶ ገና በጠዋቱ ተጎድቶ ሲወጣ፣ ፈረንሳይን በገዛ ሜዳዋ ጎል የከለከላት የእሱ መስመር ነበር። ጠባዩ አስቸጋሪ እንደነበር አልደብቅም። በ2014 ዓለም ዋንጫ ጀርመናዊውን ሙለርን በግንባሩ ገጭቶ ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ተባረረ። ዛሬም ስሙ ሲነሳ ይህን የሚያነሳ ብዙ ነው።

እኔ የማነሳው ግን የ2024ቱን የአውሮፓ ዋንጫ ነው። ያኔ ፔፔ 41 ዓመቱ ነበር። እኛ ኳስ የምናይበት ቤት ውስጥ ሳይቀር «ይሄ ሽማግሌ ምን ይሠራል?» ተብሎ ተስቋል። አሰልጣኙ ማርቲኔዝ ግን አሰለፈው። ከስሎቬኒያ ጋር በተደረገው ጨዋታ የፈሩት ደረሰ። ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት ኳሷ ከፔፔ እግር አመለጠች። የስሎቬኒያው አጥቂ ሼሽኮ ነጥቆ ብቻውን ከበረኛው ጋር ተፋጠጠ። ዲዮጎ ኮስታ በእግሩ ባያወጣት ኖሮ ፖርቹጋል እዚያው ታበቃ ነበር። ኮስታ በመለያ ምቱም ሦስት ኳስ አዳነና አለፉ።

አሁን ልብ ይበሉልኝ። በአራተኛው ቀን ጨዋታው ከፈረንሳይ ጋር ነው። ብዙ አሰልጣኝ ቢሆን ሽማግሌውን ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጠው ነበር። ማርቲኔዝ መልሶ አሰለፈው። ፔፔም 120 ደቂቃ ሙሉ ተጫወተ። የፈረንሳዩ አጥቂ ምባፔ ደክሞት በተጨማሪው ሰዓት ተቀይሮ ሲወጣ ሰውየው ሜዳ ላይ ነበር። ፈረንሳይ በጨዋታ ጎል አላገባችም፤ ያሸነፈችው በመለያ ምት ነው። ፔፔም በቀጣዩ ወር፣ በነሐሴ፣ ጫማውን ሰቀለ። መቼ እንደሚያቆም የወሰነው ራሱ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። የአንድ ወረዳ ቡድን ለአዋቂዎች ውድድር ተጫዋች ሲመርጥ «ከ30 ዓመት በላይ አንፈልግም» ብሎ አንድ ተከላካይ ቀነሰ። ስሙን አልጽፍም። ልጆቹ ጋሼ ይሉታል። ጋራዥ ነው የሚሠራው። ከጨዋታ በፊት ግራ ጉልበቱን በፋሻ ጥብቅ አድርጎ ያስራል፤ ከዚያ ከጎኑ የሚሰለፈውን ልጅ ጠርቶ «ኳሱን አትይ፣ ወገቡን እይ፤ ወገቡ አይዋሽም» ይለዋል። አጥቂ በእግሩ ሊያታልል ይችላል፣ ወገቡ ግን ወዴት እንደሚዞር ቀድሞ ይናገራል ማለቱ ነው። ይህን ከማን ተማረው? ከዓመታት ኳስ ነዋ።

የዞናችንን መልክዓ ምድር ደግሞ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በእኛ ውርጭ የለመደ ቡድን ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ሙቀቱ ሌላ ዓለም ነው። ወጣቶቹ መጀመሪያ ላይ እንደ እሳት ይሮጣሉ፤ ከዕረፍት በኋላ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይተነፍሳሉ። ጋሼ ግን እዚያ ሜዳ ላይ ሲሮጥ አይታይም። «ውጡ! ተመለሱ! ጠበብ በሉ!» እያለ መስመሩን በድምፁ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ቡድኑ ያለ እሱ ሲጫወት ያን ድምፅ የሚተካ አልተገኘም።

«ለወጣት ይልቀቅ» ለሚሉት መልስ አለኝ። ከ17 ዓመት በታች ውድድር ከሆነ ዕድሜው በጥብቅ ይጣራ፣ እደግፋለሁ። (ጢሙን ተላጭቶ «16 ዓመቴ ነው» ስለሚለው ሰውዬ ሌላ ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ።) የአዋቂዎች ውድድር ላይ ግን የተሻለው ይሰለፍ። ወጣቱም ቦታውን ታግሎ ይውሰድ እንጂ በልደት ቀን አይሰጠው።

ተከላካይ መርሳት እንደሆነ የአገር በሽታ ነው። በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅተን፣ የአፍሪካ ሻምፒዮኗን ዛምቢያን 1 ለ 1 ያዝን። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው ነበር። ጎሏን ያገባው አዳነ ግርማ መሆኑን ሁሉም ያስታውሳል። ከኋላ ደጉ ደበበና ጓደኞቹ ምን ያህል እንደተጋደሉ ግን ስንቱ ያወራል?

እና ጥያቄዬ ይህ ነው። የሚቀጥለው የአዋቂዎች ውድድር ደንብ ለወረዳዎች ሲላክ «የዕድሜ ጣሪያ የለም፤ የጤና ምርመራ ማለፍ በቂ ነው» የሚል አንድ መስመር ይግባበት። ጉልበቱ ካልቻለ ሐኪም ይንገረው። ጫማ ለሚሰቅሉት ደግሞ የካፍ ዲ ላይሰንስ (የጀማሪ አሰልጣኝነት ፈቃድ) ሥልጠና ሲመጣ ቅድሚያ ይሰጣቸው። ሰፈር ያሉ ሕፃናት ሁሉም አጥቂ መሆን ነው የሚፈልጉት። መከላከል የሚያስተምራቸው ሰው ያስፈልጋል።

ጋሼ «አንድ ውድድር ተጫውቼ በቃኝ እላለሁ» ብሏል። የሚመጣው የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ውሳኔው ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት ቢደርስልን። የምርመራውን ወጪ እኛ የሰፈሩ ሰዎች አዋጥተን እንሸፍናለን። መልሱን በመምሪያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉልን መጥተን እናነባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደብረ ብርሃን ኳስ ወዳድ