አድራሻ ብቻውን አያደርስም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አልኮል ሱስ የሚወጡ ጽሑፎች ብዙዎቹ «የድጋፍ ቡድን ይቀላቀሉ» በሚል ምክር ያበቃሉ። ምክሩ ልክ ነው፤ ሰው የሚቀረው ግን ከምክሩ እስከ ወንበሩ ባለው መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ይህን አሳይቷል። ከ20 ሰዎች ግማሾቹ የስብሰባው ቦታና ሰዓት ተነግሯቸው እንዲሄዱ ተበረታቱ፤ አንድም አልሄደም። ለቀሩት አማካሪው እዚያው እያሉ ወደ አንድ የቡድን አባል ደወለላቸው፤ አባሉም አገኛችኋለሁ ብሎ ተቀጣጠራቸው። እነዚህ ሁሉም ሄዱ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ በስልክ ሰው ማግኘት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ያለው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤኤ፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ማኅበር ነው፤ በብዙ አገሮች በራሳቸው በአባላቱ የሚመለስ ስልክ አለው። የሚባለውም ረጅም አይደለም፦ «መጠጥ ማቆም እፈልጋለሁ፤ ስብሰባ ገብቼ አላውቅም፤ በር ላይ የሚጠብቀኝ ሰው ይገኛል?» በዚያው ስልክ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ስብሰባው በዚህ ሳምንት መኖሩ፣ የሚገባበት በር፣ የክፍሉ ቁጥር። ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ድርጅት ክፍል ተውሰው ወይም ተከራይተው ስለሚሰበሰቡ፣ ማታ ዋናው በር ተዘግቶ በጓሮ ሊገባ ይችላል። ጥበቃውን በሰው ፊት «የመጠጥ ሱሰኞች ስብሰባ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ለብዙዎች ከባድ ሸክም ነው፤ በሩን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ይህ አይገጥመውም።

የስብሰባዎች ዝርዝር ሲነበብ የሚያሳስት አንድ ቃል አለ፤ «ዝግ ስብሰባ» የሚለው። አንባቢው አባል ካልሆንኩ አያስገቡኝም ብሎ ይተወዋል። ዝግ ማለት መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ማለት ነው፤ ፍላጎቱ ያለው ሁሉ በመጀመሪያ ቀኑም ይገባል። በ«ክፍት» ስብሰባ ቤተሰብና ወዳጅም መቀመጥ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የጀማሪዎች ስብሰባ፣ ወይም አንድ ሰው ተናግሮ ሌላው የሚያዳምጥበት ይቀላል።

ሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት አይደለም። ኤኤ ለማገገም በሚከተላቸው 12 ደረጃዎች ይመራል፤ ከራስ በላይ ስላለ ኃይልም ይነሣል። ይህ የማይስማማው ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተውን ስማርት ሪከቨሪ ማየት ይችላል፤ እሱ ሐሳብንና ልማድን ለመለወጥ በሚረዱ መልመጃዎች ላይ ያተኩራል። አልአኖን ደግሞ ለጠጪው ቤተሰብና ወዳጆች ነው፤ ሰውየው አልሄድም ቢልም ሚስቱ ወይም እናቱ ብቻዋን መሄድ ትችላለች።

ስብሰባው ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ነው። ተራው ሲደርስ «ዛሬ ማዳመጥ ብቻ ነው የምፈልገው» ማለት ይበቃል፤ የሚቆጣ የለም። ክፍያ የለም፤ ቅርጫት ቢዞርም አዲስ ሰው እንዲሰጥ አይጠበቅበትም። ዋናው ነገር የሚገኘው ከመዝጊያው በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነው፤ ስልክ ቁጥር የሚለዋወጡት ያን ጊዜ ነውና ሮጦ መውጣት ይጎዳል። የመጀመሪያው ቡድን ካልተመቸ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሌሎችን ሳያዩ መፍረድ አይገባም።

በኢንተርኔት ለሚሰበሰቡት ደግሞ ሁለት ወጥመድ አለ። የተጻፈው ሰዓት የየትኛው አገር እንደሆነ ሳያዩ ገብተው ባዶ ክፍል የሚያገኙ ብዙ ናቸው። ሁለተኛው፣ ዙም ላይ የተመዘገበው ሙሉ ስም ለሁሉም ይታያል፤ ከመግባት በፊት ወደ መጠሪያ ስም ወይም ወደ አንድ ፊደል ይቀየር።

አንድ ነገር ግን ሊዘለል አይገባም። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ ተንቀጥቅጦ ሲጠጣ የሚረጋጋ ሰው፣ ስብሰባ ልሄድ ነውና ብሎ ብቻውን በድንገት ማቆም የለበትም። መንቀጥቀጥና ላብ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ፤ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሊገድል የሚችል ቅዠትና መደነባበር ሊከተል ይችላል። ይህ የሐኪም ሥራ ነው። ኤኤ የሚጠይቀው የማቆም ፍላጎት ብቻ ስለሆነ፣ ሕክምናውንም ቡድኑንም ጎን ለጎን መጀመር ይቻላል።

ከእናንተ የምንጠይቀው ይህ ነው። ስለ ሱስ ስትጽፉ ከሥር የስብሰባውን ቀንና ሰዓት፣ መግቢያ በሩን፣ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን፣ ሰው የሚያነሣው ስልክና መረጃው መጨረሻ የተጣራበትን ቀን አትሙ። ከማተማችሁ በፊት ደውሉ። ደፍሮ መጥቶ የተቆለፈ በር ያገኘ ሰው ዳግም ላይሞክር ይችላል። የተሰብሳቢዎችን ፊት የሚያሳይ ፎቶግራፍም አታውጡ፤ የነገው ሰው ፎቶውን አይቶ ይቀራል።

ስማችን እንዳይወጣ እንጠይቃለን፤ የቡድኖቹ ደንብ ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
በማገገሚያ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ