የዘፈኑ ደራሲ ይታረም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ የሙዚቃ ዓምድ «ዘ ማን ሁ ሶልድ ዘ ወርልድ» የተባለውን ዘፈን የአሜሪካው ሮክ ባንድ የኒርቫና ድርሰት ነው ብላችኋል። ስህተት ነው። ዘፈኑን የጻፈው እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው፣ ተመሳሳይ ስም ባለው አልበሙ ላይ ይገኛል። ኒርቫና ለሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያው ኤምቲቪ ኒውዮርክ ውስጥ ባቀረበው ዝግጅት መልሶ ተጫወተው። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ያየ ሰው አይሳሳትም። ዘፈኑ እንዳለቀ የባንዱ ድምፃዊ ከርት ኮቤይን ራሱ የቦዊ መሆኑን ይናገራል።

ዓመቱም ተምታቷል። ቀረጻው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1993፣ በእኛ ኅዳር 9 ቀን 1986 ዓ.ም. ነው። እናንተ የጻፋችሁት እ.ኤ.አ. 1994 የዚያ ዝግጅት አልበም የወጣበት ነው፤ ያኔ ኮቤይን በሕይወት አልነበረም።

እዚህ ጣና ዳር ጊታር የሚለማመዱ ልጆች የጻፋችሁትን አምነው ለሌላው ይነግራሉ። የሰው ድርሰት ለሌላ መስጠት ደግሞ ቀላል በደል አይደለም፤ የእኛም ደራሲዎች የሚያማርሩበት ጉዳይ ነው።

እርማቱን በዚያው ዓምድ አውጡልን። ከእንግዲህም ከእያንዳንዱ ዘፈን ስም ሥር የግጥምና የዜማ ደራሲው፣ መጀመሪያ የዘፈነው፣ የተቀረጸበትም ዓመት ከነዘመን አቆጣጠሩ ይቀመጥ።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር