«ሙናፊቅ» የተባለውን «መናፍቅ» ብላችሁ አታርሙት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከደሴና ከኮምቦልቻ በሚላኩላችሁ ጽሑፎች ላይ አንድ ቃል እየታረመ ሲወጣ እናያለን። ሙስሊም ተናጋሪ «ሙናፊቅ» ያለው ሲታተም «መናፍቅ» ይሆናል። አራሚው የፊደል ግድፈት ያቃና ይመስለዋል፤ የተለወጠው ግን ፍቺው ነው።

የ«መናፍቅ» ሥር በግእዝ «ነፈቀ» ነው፤ ከፈለ፣ ገመሰ ማለት ነው። ግማሽ ዓመቱን «መንፈቅ»፣ እኩለ ሌሊቱን «መንፈቀ ሌሊት»፣ በቅዳሴ ረዳቱን ካህን «ንፍቅ ቄስ» የምንለው ከዚሁ ነው። «ናፈቀ» ሲሆን ልቡ ተከፈለ፣ ተጠራጠረ ይሆናል፤ ሰውየው «መናፍቅ»፣ ነገሩ «ኑፋቄ»። በዛሬው አማርኛ ከናፍቆት ተነሥቶ ሊተረጉመው የሚሞክር ይስታል።

በቤተ ክርስቲያን አነጋገር መናፍቅ ማለት ያላመነ ሰው አይደለም። ያላመነው አረማዊ፣ አምኖ የተወው ከሓዲ ይባላል። መናፍቅ ክርስቲያን ነኝ እያለ ከትምህርቱ ከፊሉን ይለውጣል፤ የለወጠውንም በግልጽ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተወገዘው አርዮስ እንዲህ ነበር። እዚሁ ደጃችን ቦሩ ሜዳ፣ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ባደረጉት ጉባኤ ክርስቶስ ሦስት ጊዜ ተወልዷል የሚሉት የሦስት ልደት ወገኖች የተወገዙትም በዚሁ ትርጉም ነው።

ሙናፊቅ ግን ይደብቃል። በአንደበቱ አምኛለሁ ይላል፣ በልቡ ክዷል። እ.ኤ.አ. በ625 የመዲና ሙስሊሞች የመካን ጦር ሊገጥሙ ወደ ኡሑድ ሲዘምቱ፣ የሙናፊቆች አለቃ የሚባለው ዐብደላህ ኢብን ኡበይ 300 ያህል ሰው ይዞ ከመንገድ ተመለሰ። ቁርኣን በ4፥88 አማኞቹን በሙናፊቆች ነገር ስለምን ሁለት ክፍል ሆናችሁ ብሎ የሚወቅሰው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። የዐረብኛ ሊቃውንት ቃሉን «ናፊቃእ» ከሚባለው፣ ሁለት መውጫ ካለው የበረሃ አይጥ ጉድጓድ ያወጡታል። ጀርመናዊው የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ቴዎዶር ኖልደከ ግን ከግእዝ የተወሰደ ነው ብሏል፤ የሁለቱ ቃላት ቅርጽ ይህን ያህል ሲገጥም እኛም ወደዚህ እናደላለን። ሥሩ አንድ ነው ማለት ግን ፍቺው አንድ ነው ማለት አይደለም።

ከዚህ የከፋም አለ። ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ተገድደው ተጠምቀው ሌሊት በድብቅ ይሰግዱ የነበሩትን የወሎ ሙስሊሞች «ሙናፊቅ» ብሎ መጻፍ ትልቅ በደል ነው። ሙናፊቅ የሚደብቀው ክሕደቱን ነው፤ እነሱ የደበቁት እምነታቸውን ነበር። ልቡ በእምነት ረግቶ ሳለ ተገድዶ በአፉ የካደውን ሰው ቁርኣኑ ራሱ በ16፥106 ከተወቃሾቹ ለይቶታል።

ስለዚህ በጥቅስ ውስጥ ከሆነ ተናጋሪው ያለውን ተዉለት። በራሳችሁ ጽሑፍ ስለ ኑፋቄ ስትጽፉ «መናፍቅ»፣ ስለ ኒፋቅ (ክሕደትን ደብቆ አማኝ ስለ መምሰል) ስትጽፉ «ሙናፊቅ» በሉ። ፓርቲ ሲከፈል ደግሞ ሁለቱንም አትንኩ፤ «አንጃ» የሚል ቃል አለላችሁ።

የግእዝና የዐረብኛ መምህራን፣
ከደሴ