በደሴ ለሥጋ ደዌ ተጠቂ ወገኖቻችን የእግር መታጠቢያና የጫማ መሥሪያ ቤት ለመሥራት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች፣ በሀገር ውስጥም በውጭም የምትኖሩ የወሎ ልጆች፤

በሰበካችን ቤተ ክርስቲያን ደጅ በየማለዳው የሚቀመጡ፣ የሥጋ ደዌ ጣቶቻቸውን ያሳጣቸው እናቶችና አባቶች አሉ። አብዛኞቻችን ኪዳን አድርሰን ስንወጣ ሳንቲም ከርቀት ወርውረንላቸው እናልፋለን። ባለፈው የፍልሰታ ጾም የተወረወረ ሳንቲም ከጆንያው ላይ ነጥሮ ድንጋዩ ላይ ሲንከባለል፣ አንዲት እናት በደነዘዙ መዳፎቻቸው ሊያነሡት ደጋግመው ሲሞክሩ ያየች የሰንበት ትምህርት ቤታችን እህት ጎንበስ ብላ አንሥታ አስያዘቻቸው። እናታችን ሳንቲሙን ትተው እጇን ያዙና «ሰው ከነካኝ ስንት ጊዜዬ» አሏት። ይህን ሥራ እንድናስብ ያደረገን ያ ጠዋት ነው።

ጌታችን ለምጻሙን በቃሉ ብቻ ማንጻት ሲቻለው፣ ሕጉ ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ ያዘዘበትን ያንን ሰው እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። እኛ ግን መድኃኒታቸውን ጨርሰው ከዳኑ ወገኖቻችን እንኳ ኩባያ እንለያለን። የሥጋ ደዌ እርግማንም በዘር የሚወረስም አይደለም፤ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር ሕክምና የሚድን፣ መድኃኒቱም በነጻ የሚሰጥ በሽታ ነው። ሕክምናው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ መተላለፉ ያቆማል። የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለረጅም ዘመን ሲያክም በኖረው በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ታክመው የዳኑ፣ ቀዬአቸው ግን አልቀበል ስላላቸው በዚሁ የቀሩ ሰዎችን እናውቃለን።

መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ የሞተ ነርቭ አይመልስም። ሕመም የማይሰማው እግር ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስትወጋው አያውቅም፤ የጦሳ ብርድ ሲበረታም ከሰል ምድጃ ዳር ተቀምጦ እስኪቃጠል ድረስ አይሸሽም። ቁስሉ ካልተጠበቀ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። መከላከያው ግን ቀላል ነው፤ እግርን በየቀኑ በንጹሕ ውሃ መዘፍዘፍ፣ የደረቀውን ቆዳ ፍቆ ቫዝሊን መቀባት፣ ውስጡ ለስላሳ ሶል ያለው ሰፊ ጫማ ማድረግ።

ሰበካ ጉባኤው በግቢው ውስጥ ቦታ ስለፈቀደልን ሁለት ክፍል ልንሠራ ተነሥተናል። አንዱ የእግር መታጠቢያ፣ ሌላው ከእነርሱው መካከል ቆዳ ሥራ የሚያውቁ አባት በደመወዝ የሚመሩት የጫማ መሥሪያ ይሆናል። የመጀመሪያውን አሸዋ ያለ ክፍያ ያመጡልን ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው፤ ይህ በወሎ እንግዳ ነገር ባይሆንም ሳናመሰግን ማለፍ አልወደድንም።

አሁን የሚያስፈልገን ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ የውሃ ቧንቧ፣ የጫማ መስፊያ ማሽን፣ ቆዳና የሶል ጎማ ነው። በገንዘብም በዓይነትም የምትሰጡትን የሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት በደረሰኝ ይቀበላል። ወገኖቻችን ፎቶግራፍ እንዳንነሣቸው ስለጠየቁን ምስላቸውን ከዚህ ጥሪ ጋር አላወጣንም።

የምትችሉ ደግሞ ስጦታችሁን ራሳችሁ ይዛችሁ ኑ። ክፍሉ እስኪሠራ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ እግራቸውን እናጥባለን፤ ከዚያም ሻይ አብረን እንጠጣለን፤ ኩባያው ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነው።