ለልጄ ለደረሳችሁለት ሁሉ

አንጀቱ ከሆዱ ውጭ ሆኖ የተወለደው ልጄ ከሆስፒታል ወጥቷል። ጡት ይጠባል፣ ኪሎም እየጨመረ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን ላድርስ።

መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ክትትል የማደርግበት ጤና ጣቢያ ላለችው አዋላጅ። ሲስተር፣ አምስተኛ ወሬ ላይ አልትራሳውንድ ስታዪኝ እኔ የጓጓሁት ሴት ይሁን ወንድ ለማወቅ ነበር። አንቺ ግን ሆዱ ላይ ቆየሽ፣ ደጋግመሽ አየሽ። «እዚህ ጋ ደስ ያላለኝ ነገር አለ፣ ከእኔ የበለጠ ባለሙያ ይየው» ብለሽ ሪፈር ጻፍሽልኝ። ያን ቀን ብታልፊው ማን ያውቅ ነበር?

አዲስ አበባ ያየኝ የራዲዮሎጂ ሐኪም ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ አስረዳኝ። የልጁ ሆድ ከእትብቱ በስተቀኝ አልተዘጋም፤ አንጀቱ በዚያ ወጥቶ በእንሽርት ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል። ጋስትሮስኪሲስ ይባላል። ኦምፋሎሴል የሚባለውም አለ፤ እሱ በእትብቱ በኩል ይወጣል፣ በስስ ሽፋንም የተጠቀለለ ነው። ብዙ ጊዜ የልብና የክሮሞዞም (የዘር ውርስ) ችግር አብሮት ይገኛል። ዶክተር፣ የልጄን ልብ በዝርዝር አይተው «ልቡ ደህና ነው» ሲሉኝ ነፍሴ መለስ አለች። ሰው ሁሉ ምን በልታ ነው፣ ምን ነክታ ነው በሚልበት ሰዓት «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ስላሉኝ ዕድሜ ይስጥልኝ።

የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል እንድወልድ የተወሰነው አስቀድሞ በመታወቁ ነው። ልጄ ሲወለድ የሚቀበሉት ቆመው ይጠብቁ ነበር። አንጀቱ እንዳይደርቅና ሰውነቱ እንዳይቀዘቅዝ ወዲያው በንጹሕ ላስቲክ ሸፈኑት። በአፍንጫው ቱቦ ገባለት፣ ግሉኮስ ተሰካለት። አንጀቱ በአንዴ የሚገባ አልሆነም። ሐኪሞቹ ለዚሁ በተሠራ ከረጢት ወደ ላይ አንጠልጥለው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየመለሱ፣ በመጨረሻ ሆዱን ዘጉለት። እጃችሁ ይባረክ።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርሶች፣ እናንተን እንዴት አድርጌ እንደማመሰግን አላውቅም። በቱቦው የሚወጣው አረንጓዴ ፈሳሽ ሲቀንስ «አንጀቱ መሥራት ጀመረ» ብላችሁ እየሮጣችሁ መጥታችሁ ነገራችሁኝ። ካካ ሲል እልል ያላችሁት እናንተ ናችሁ! ጡቴን እያለብኩ ወተቱን እንዳስቀምጥ ያስተማራችሁኝም እናንተው።

እርጉዝ እህቶቼ፣ ከ24 ሳምንት በፊት ቢያንስ አንዴ አልትራሳውንድ ታዩ። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው።

ሳሪስ ያለችው የባለቤቴ እህት፣ ያን ሁሉ ጊዜ ቤትሽን ለቀቅሽልን፣ በሳህን ምግብ እየቋጠርሽ ሆስፒታል ተመላለስሽ። የሠፈራችን ሰዎች፣ ሳንጠይቃችሁ አዋጥታችሁ ላካችሁልን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።