ወንድማለም፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ

ወንድማለም፣ እንዴት ሰነበትክ? የድሬ ሙቀት እንዴት አደረገህ? ጠፍቻለሁ፣ አውቃለሁ፤ ይቅር በለኝ፣ ወቀሳውን ስንገናኝ ትጨርሰዋለህ። እናትህ ደህና ናቸው፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አገኘኋቸው። «ልጅዎ እኮ አፉን በ‹አቦ› ነው የሚፈታው» ብላቸው እስኪያነቡ ሳቁ።

የጻፍኩልህ ግን ስለ መጋዘኑ ነው። የትኛው ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ሊፈርስ ነው።

ቡሬ ትተሃት የሄድካት አይደለችም። ዘይት ፋብሪካው መጣ፣ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ፣ የመሬት ዋጋ አይቀመስም። መሀል ከተማ ላይ የተገተረ አሮጌ ቆርቆሮ የማንን ዐይን ይሞላል? ፎቅ ይሠራበታል አሉ። ሰኞ ስብሰባ አለ፣ እናገራለሁ ብዬ ስሜን አስመዝግቤያለሁ።

ትናንት ገብቼ አየሁት። ባስኩላው ዝጎ እዚያው ቆሟል። የበሩ ደፍ መሀሉ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ አባቶቻችን በርበሬ በኩንታል ተሸክመው ሲረግጡት የኖሩት ድንጋይ ነው። ሽታው እስካሁን አልለቀቀም፣ አስነጠሰኝ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ በዚያ ሰፈር አላልፍም ነበር።

እና አንተ ያለህበት ከተማ ትዝ አለኝ። ድሬን የወለዳት ባቡር አይደል? ሐዲዱን የሐረርን ተራራ ማስወጣት ስለከበደ በ1895 ዓ.ም. ታች ሜዳው ላይ ደረሰ፣ ለሐረር የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚያ መራገፍ፣ መመዘን፣ ማደር ግድ ሆነበት፤ ዕቃ ካደረ መጋዘን ይኖራል፣ መጋዘን ካለ ተሸካሚው፣ ነጋዴው፣ ሻይ የምታፈላዋ ሴት ይመጣሉ፣ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ የሚባሉት ሰፈሮች ይበቅላሉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ድሬ እስከዚያ ከተማ ሆና ነበር። ጎጃም ሐዲድ አልደረሰውም። ግን ከወለጋ የመጣ መኪና ወደ ማርቆስ ወይ ወደ ባሕር ዳር ሳያልፍ እኛ ጋ ስለሚያራግፍ አይደል ሰፈራችን የተሰበሰበው?

አሁን ድሬ ላይ አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሏል፣ አሮጌው ለገሀር መሀል ላይ ቀርቷል። እባክህ እዚያ ሂድልኝ። መጋዘኖቹን እያቸው፤ የተዘጋው የቱ ነው፣ ሰው የሚሠራበትስ? በተለይ ወለላቸውን ፎቶ አንሳልኝ። የባቡር መጋዘን ወለሉ ከፉርጎው ወለል እኩል ከፍ ብሎ የሚሠራው ተሸካሚው ጭነቱን ሽቅብ እንዳያነሳ ነው። የኛም በመኪናው ልክ ነው የተሠራው። የሠራው ሰው የተሸካሚን ወገብ አስቦለታል፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው። ሰዉ ይሄን ቢያይ ለማፍረስ የሚቸኩል አይመስለኝም። በርበሬና ጤፍ የሚሸጡት ሴቶች ክረምቱን ጭቃ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ከጎናቸው ጣሪያ ያለው ደረቅ ወለል ቆሞ! ለነሱ ይሰጥ ነው የምለው።

ልጠይቅህ ወይስ ልተው እያልኩ ስንት ጊዜ ስልኩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ግን ካንተ ሌላ ማን ይገባዋል?

ፎቶውን በቴሌግራም ላክልኝ። ኔትወርክ እምቢ ካለ በድምፅ ንገረኝ። ከድሮዎቹ ጫኝና አውራጆች አንድ ሽማግሌ ካገኘህ ደግሞ፣ ባቡሩ ሲቀር ከሰፈሩ መጀመሪያ የጠፋው ምን እንደነበር ጠይቅልኝ። እስከ እሁድ ማታ እጠብቃለሁ።